ስክሪኑ ያልነገራቸው ቋጥኝ

“ባሕር የሌላት አገር ልጅ ስለ ጀልባ ሶፍትዌር ምን አገባት?” የሚል አንባቢ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ፍርዱን እስከ መጨረሻው ያቆይልኝ። ለጊዜው ይቺን ብቻ ልበል። አዲስ አበባ ውስጥ በስልካችሁ ታክሲ ጠርታችሁ፣ ሾፌሩ እናንተ ከቆማችሁበት አጥር ማዶ ቆሞ “ደርሻለሁ፣ የት ናችሁ?” ብሎ ደውሎላችሁ ካወቀ፣ የዛሬው ጉዳይ ግማሹ ገብቷችኋል። ስክሪኑ ላይ ያለችው ነጥብና እግራችሁ የቆመበት መሬት ሁልጊዜ አንድ አይደሉም። ታክሲ ላይ ልዩነቱ የሚያስከፍለው አምስት ደቂቃ ነው። ባሕር ላይ የሚያስከፍለው ሌላ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። አሥርና አሥራ ሁለት ሜትር በምትረዝም የሸራ ጀልባ ከወደብ ወደብ እየዞሩ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት፣ ሥራቸውን ለሁለት ዓመት ያቆሙ ወጣቶች፣ ልጆቻቸውን እዚያው ጀልባው ላይ የሚያስተምሩ ቤተሰቦች። ጉዞ ከመጀመራቸው በፊት አንድ ጥያቄ ላይ ሲከራከሩ ይከርማሉ። ላፕቶፓችን ላይ የትኛውን የናቪጌሽን ሶፍትዌር እንጫን? ጥያቄው የዋጋና የምቾት ይመስላል። ታሪኩን ወደ ኋላ ሄዳችሁ ስትከተሉት ግን ሌላ ጥያቄ ሆኖ ይገኛል። ማንን እንመን? እስከ ምን ድረስ?

(በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የአንድ ዶላር ሰዓት

ጥያቄው ከኮምፒውተር በፊት የነበረ ነው። መርከበኛ ከምድር ወገብ ምን ያህል ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ እንደራቀ፣ ማለትም ኬክሮሱን፣ ከፀሐይና ከከዋክብት ከፍታ ማወቅ ከጥንትም ይችል ነበር። ኬንትሮሱን፣ ማለትም ወደ ምሥራቅና ወደ ምዕራብ ያለበትን ማወቅ ግን ለዘመናት ዳገት ሆኖበት ኖረ። ኬንትሮስ የሰዓት ጉዳይ ነውና። ምድር በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ትዞራለች። የተነሣችሁበት ወደብ ላይ አሁን ስንት ሰዓት እንደሆነ በትክክል ካላወቃችሁ፣ ምን ያህል እንደራቃችሁ አታውቁም። በምድር ወገብ ላይ የ4 ሰከንድ ስህተት አንድ የባሕር ማይል፣ ማለትም 1.85 ኪሎ ሜትር ገደማ ያስታችኋል።

በ1707 አራት የእንግሊዝ የጦር መርከቦች የት እንዳሉ በትክክል ሳያውቁ በሲሊ ደሴቶች አለት ላይ ወጥተው ሰመጡ። ከ1,400 የማያንሱ ሰዎች አለቁ። ከሰባት ዓመት በኋላ፣ በ1714፣ የእንግሊዝ ፓርላማ የኬንትሮስን ችግር ለሚፈታ ሰው እስከ 20,000 ፓውንድ የሚደርስ ሽልማት አወጀ። ብዙ ሊቃውንት መልሱን ሰማይ ላይ ሲፈልጉ፣ ጆን ሃሪሰን የሚባል አናጢ ግን በሰዓት ሥራ አገኘው። አራተኛው ሰዓቱ ከ1761 ወደ 1762 በተሻገረው የጃማይካ ጉዞ 81 ቀን ባሕር ላይ ቆይቶ የሳተው አምስት ሰከንድ ያህል ብቻ ነበር። ከዚያ ወዲህ ክሮኖሜትር የሚባለው ይህ ዓይነቱ ውድ ሰዓት የመርከበኛ ዓይን ሆነ።

አሁን ወደ አንድ ብቸኛ ሰው ልውሰዳችሁ። ጆሹዋ ስሎከም በሚያዝያ 1895 ስፕሬይ በተባለች 11 ሜትር በምትረዝም ጀልባው ከቦስተን ተነሣ። ዓለምን ብቻውን በጀልባ የዞረ የመጀመሪያው ሰው እርሱ ነው። ክሮኖሜትር ነበረው። ነገር ግን ለማሳደስ 15 ዶላር ተጠየቀና ትቶት ሄደ። በምትኩ ፊቱ የተሰበረ የቆርቆሮ ሰዓት በአንድ ዶላር ገዛ። የዛሬዎቹ ባለ ጀልባዎች “ርካሹ ይበቃል ወይስ ውዱን እንግዛ?” እያሉ ሲሟገቱ፣ ሳያውቁት የስሎከምን ክርክር እየደገሙ ነው።

የስሎከም ታሪክ ትልቁ ክፍል ግን ሰዓቱ አይደለም። ሰላማዊ ውቅያኖስ ላይ ከአርባ ቀን በላይ ተጉዞ ወደ ማርኬሳስ ደሴቶች ሲቃረብ፣ በጨረቃና በፀሐይ መካከል ያለውን ርቀት ለክቶ ኬንትሮሱን አሰላ። ውጤቱ በግምት ከያዘው ቦታ በመቶዎች የሚቆጠር ማይል ራቀ። ስሎከም ውጤቱን አልተቀበለም። እንደገና ለካ። አሁንም አልሆነም። ከዚያ ወደ ስሌት ሠንጠረዡ ዞሮ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ ሲመረምር፣ ስህተቱ መጽሐፉ ውስጥ ታትሞ አገኘው! አርሞ ሲያሰላ ከግምቱ ጋር ተስማማለት፤ ደሴቲቱም ብዙ ሳትቆይ ታየች። የታተመ ነገር ሁሉ እውነት አይደለም፤ ብቻውን ባሕር ላይ ያለ ሰው ይህን ማወቅ ነበረበት።

ሰማይ ላይ የተሰቀለ ሰዓት

በጥቅምት 1957 ሶቪየት ኅብረት ስፑትኒክን ወደ ሕዋ ላከች። በአሜሪካው ጆንስ ሆፕኪንስ ዩኒቨርሲቲ የተግባር ፊዚክስ ላቦራቶሪ ውስጥ የሳተላይቷን ድምፅ ሲያዳምጡ የነበሩ ሁለት ወጣት ተመራማሪዎች አንድ ነገር አስተዋሉ። ሳተላይቷ ስትመጣና ስትሄድ የድምፁ ቅጥነት ይለዋወጣል፤ ከዚህ ለውጥ ተነሥቶ እርሷ የት እንዳለች ማወቅ ይቻላል። ነገሩን ብትገለብጡትስ? ሳተላይቷ የት እንዳለች ካወቃችሁ፣ እናንተ የት እንዳላችሁ ማወቅ ትችላላችሁ። ከዚህ ሐሳብ ትራንዚት የሚባለው ሥርዓት ተወለደ። በ1964 ለአሜሪካ ባሕር ኃይል ሥራ ጀመረ፤ በ1967 ለሲቪሎች ተፈቀደ። ችግሩ ሳተላይት በአናታችሁ እስኪያልፍ አንድ ሰዓትና ከዚያ በላይ መጠበቅ ነበረባችሁ።

ጂፒኤስ ይህን ጥበቃ አስቀረ። የመጀመሪያው ሳተላይት በ1978 ተላከ። በመስከረም 1983 መስመሩን ስቶ ሶቪየት ሰማይ ውስጥ የገባ የኮሪያ መንገደኞች አውሮፕላን ተመትቶ 269 ሰዎች ሲሞቱ፣ ፕሬዚዳንት ሬገን ሥርዓቱ ሲጠናቀቅ ለሲቪሎችም ክፍት እንደሚሆን አስታወቁ። ጂፒኤስ በ1995 ሙሉ በሙሉ ሥራ ላይ ዋለ። የአሜሪካ ጦር ግን ለሲቪሎች የሚደርሰውን ምልክት ሆን ብሎ ያደበዝዘው ስለነበር እስከ 100 ሜትር ያስት ነበር። ይህ ማደብዘዣ የተነሣው በግንቦት 2000 በፕሬዚዳንት ክሊንተን ትእዛዝ ነው። በአንድ ሌሊት የዓለም ጂፒኤስ ሁሉ ጠራ።

በዚሁ ዘመን ካርታውም ወደ ማሽን እየገባ ነበር። ናቪዮኒክስ የሚባለው ኩባንያ በ1984 ጣሊያን ውስጥ ተመሠረተና ካርታን በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ ላይ ማሳየት ጀመረ። ፈረንሳይ ውስጥ ደግሞ በዚያው አሥርት ዓመት ማክስሲ የሚባል የኮምፒውተር ፕሮግራም መጣ። በ1990ዎቹ አንድ ባለ ጀልባ ላፕቶፑን ከጂፒኤስ ጋር በገመድ አገናኝቶ፣ የራሷን ጀልባ በትንሽ ምልክት ካርታው ላይ ስትንቀሳቀስ ማየት ቻለ። እስቲ አስቡት። ለሺህ ዓመታት “የት ነኝ?” እያለ ሲያሰላ የኖረ መርከበኛ፣ መልሱ ከእነ ሥዕሉ ፊቱ ተቀመጠለት።

ማሰቡንም ያኔ ማቆም ጀመረ።

የወለቀው ገመድ

ሰኔ 1995። ሮያል ማጀስቲ የምትባል የመዝናኛ መርከብ 1,509 ሰዎች ይዛ ከቤርሙዳ ወደ ቦስተን ተነሣች። በወጣች በአንድ ሰዓት ገደማ የጂፒኤሱ አንቴና ገመድ ወለቀ። መሣሪያው አልጠፋም፤ አልጮኸምም ማለት ይቻላል። ከሳተላይት የሚያገኘው ሲቋረጥ፣ ከመርከቧ ፍጥነትና አቅጣጫ ተነሥቶ በግምት ማስላት ቀጠለ። ግምት መሆኑን የሚናገሩት ስክሪኑ ላይ ያሉ ጥቂት ደቃቅ ፊደላት ብቻ ነበሩ። መርከቧን የሚነዳው አውቶፓይለት ደግሞ እነዚያን ፊደላት ማንበብ አይችልም። ግምቱን እንደ እውነት ወስዶ መንዳቱን ቀጠለ።

34 ሰዓት ያህል እንዲህ ሄዱ። ነፋሱና ሞገዱ መርከቧን ቀስ በቀስ ይገፋታል፤ ስክሪኑ ግን መስመሯ ላይ ናት ይላል። በሰኔ 10 ሌሊት ከናንተኬት ደሴት ምሥራቅ ያለ የአሸዋ ክምር ላይ ወጣች። ከመስመሯ 17 ማይል ስታ ነበር።

በኋላ የአሜሪካ ብሔራዊ የትራንስፖርት ደኅንነት ቦርድ ሲመረምር ያገኘው ነገር ከገመዱ ይበልጥ ያስገርማል። መርከቧ ላይ ሎራን የሚባል ሌላ፣ ከጂፒኤስ ጋር የማይገናኝ መሣሪያ ነበር። በትክክል እየሠራ ነበር፤ ማንም አላመሳከረውም። ጥልቀት ሲያንስ የሚጮኸው ማንቂያ ዜሮ ሜትር ላይ ተደርጎ ነበር፤ ማለትም መርከቧ መሬት ከነካች በኋላ እንዲጮህ። አንድ መኮንን መንገዱን የሚያመለክተውን ተንሳፋፊ ምልክት እንዳየ ለካፒቴኑ ተናገረ፤ አላየውም ነበር። ስክሪኑ “እዚህ ነህ” ካለ ምልክቱ እዚያ መኖር አለበት ብሎ አስቦ ነው።

ደግነቱ ሰው አልሞተም። ትምህርቱ ግን ቀረ። ጥሩ ሶፍትዌር ማለት ሲያውቅ ብቻ የሚናገር አይደለም። ሳያውቅ “አላውቅም” ብሎ የሚጮህ ነው። ምርጫ ላይ ያለ ባለ ጀልባ መጀመሪያ መሞከር ያለበት ይህን ነው። ወደብ ላይ ታስሮ ሳለ የጂፒኤሱን ገመድ ይንቀል። ከዚያ ፕሮግራሙ ምን እንደሚል ይይ።

ፎቶና መዝገብ

ኤሌክትሮኒክ ካርታ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ራስተር ይባላል። የወረቀቱ ካርታ ፎቶ ነው በሉት። ስታርቁት ያንሳል፣ ስታቀርቡት ይተልቃል እንጂ ያለው ነገር አይጠፋም። ካርታ ሠሪው አደገኛ ብሎ በወፍራም ቀለም የጻፈው ሁሉ እንዳለ ይኖራል።

ሁለተኛው ቬክተር ነው። ይህ ሥዕል አይደለም፤ መዝገብ ነው። እያንዳንዱ ጥልቀት፣ እያንዳንዱ መብራት፣ እያንዳንዱ ቋጥኝ ለየብቻው ተመዝግቦ ተቀምጧል። ምን ይታይ፣ ምን ይደበቅ የሚለውን ሶፍትዌሩ በየቅጽበቱ ይወስናል። ስታቀርቡ ዝርዝሩ ይወጣል፤ ስታርቁ ስክሪኑ እንዳይጨናነቅ ዝርዝሩ ይጠፋል። ፋይሉ ትንሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ያምራል። ስልካችን ላይ ያለው የከተማ ካርታም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ሰፊውን አዲስ አበባን ስታዩ የሰፈራችሁ ቅያስ ስም የለም። ጠጋ ስትሉ ይመጣል። ቅያስ ቢጠፋ ማንም አይሞትም።

ቋጥኝስ ቢጠፋ?

ኅዳር 29 ቀን 2014 በዓለም ታላላቅ ከሚባሉት የጀልባ ውድድሮች አንዱ በሆነው የቮልቮ ውቅያኖስ ውድድር ላይ፣ ቲም ቬስታስ ዊንድ የተባለችው ጀልባ ከኬፕታውን ወደ አቡ ዳቢ እየበረረች ነበር። ዘጠኝ ሰዎች ይዛለች። ፍጥነቷ 19 ኖት፣ ማለትም በሰዓት 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ጨልሟል። ከሞሪሸስ ሰሜን ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ፣ ካርጋዶስ ካራጆስ የሚባል ከደቡብ ወደ ሰሜን የተዘረጋ ትልቅ የኮራል ቋጥኝ አለ። ጀልባዋ በሙሉ ፍጥነቷ ወጣችበት። ኋላዋ ተሰባበረ። ጠባቂዎች ደርሰው ሁሉንም አዳኗቸው።

እነዚህ ሰዎች ጀማሪዎች አልነበሩም። ካፒቴኑ ክሪስ ኒኮልሰንም ሆነ ናቪጌተሩ ዋውተር ፈርብራክ በዓለም የታወቁ ባለሙያዎች ናቸው። መሣሪያቸውም በገንዘብ ከሚገኘው ሁሉ የተሻለው ነበር። ቋጥኙም ካርታው ውስጥ አለ። ችግሩ ዙም ነበር። ውቅያኖስን የሚያህል ርቀት የሚያቅድ ሰው ካርታውን አርቆ ነው የሚያየው። አርቆ ሲያየው ደግሞ ቋጥኙ የለም፤ በቦታው የሚታየው 40 እና 80 ሜትር የሚሉ ጥልቀቶች ናቸው። ለጀልባ 40 ሜትር ከበቂ በላይ ነው። የውድድሩ መስመር በአውሎ ነፋስ ስጋት በመጨረሻው ሰዓት በመቀየሩ፣ አካባቢውን ቀድሞ በደንብ ለማጥናት የነበረው ጊዜም አጭር ነበር። በመጋቢት 2015 የወጣው የገለልተኛ አጣሪዎች ሪፖርት ኤሌክትሮኒክ ካርታዎቹ አደጋን አርቆ በማሳየት በኩል ጉድለት እንዳለባቸው፣ ባለሙያዎቹም አጠቃቀማቸው ጉድለት እንደነበረበት ገለጸ። ጥፋቱ የሁለቱም ነው ማለት ነው።

እኔን የሚያስደነግጠኝ የስክሪኑ ውበት ነው። ወረቀት ካርታ ላይ ያልታወቀ ነገር ባዶ ሆኖ ይታያል፤ ባዶው ራሱ ያስጠነቅቃችኋል። ስክሪኑ ላይ ግን የተደበቀውም፣ ያልተለካውም፣ ጥልቁም አንድ ዓይነት ሰማያዊ ነው።

መቼ ተለካ? ማን ለካው?

ሶፍትዌር የራሱ እውቀት የለውም። የሚያሳየው ሌላ ሰው የለካውን ነው። ስለዚህ ከሶፍትዌሩ ስም ይልቅ ከሥሩ ያለው ልኬት መቼ ተደረገ የሚለው ይበልጣል።

ቅርባችን ያለውን ቀይ ባሕርን ውሰዱ። ምጽዋና ዳህላክን ጨምሮ የዚህን ባሕር የመጀመሪያ ዝርዝር ልኬት ያደረጉት ከ1829 እስከ 1834 የሠሩ የሕንድ እንግሊዛውያን መርከበኞች ናቸው። ከመሪዎቹ አንዱ ፓሊኑሩስ የተባለችው መርከብ አዛዥ ሮበርት ሞርስቢ ነበር። መሣሪያቸው ጫፉ ላይ የእርሳስ ብረት የተንጠለጠለበት ገመድ ነው። ገመዱን ይጥላሉ፣ ጥልቀቱን ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። በሁለት ጥለቶች መካከል ያለው ቋጥኝ ሳይታይ ሊያልፍ ይችላል። ሰላማዊ ውቅያኖስ ውስጥ እንዲህ ዓይነት የ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ልኬት ዛሬም የካርታ መሠረት የሆነባቸው ቦታዎች አሉ። ያን ልኬት ወስዳችሁ ባለ ቀለም ስክሪን ላይ ስታስቀምጡት፣ ትላንት የተለካ ይመስላል። የዓለም የባሕር ወለል እስከ 2025 በዘመናዊ መሣሪያ የተለካው ከአራት እጅ አንዱ ገደማ ብቻ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ዳተም ይባላል። ካርታ ሠሪ ምድርን የሚለካበት መነሻ ማለት ነው። መነሻው ሲለያይ፣ ያው ኬክሮስና ኬንትሮስ ሌላ ቦታ ላይ ያርፋል። ይህ ደግሞ የባሕር ሰዎች ብቻ ጉዳይ አይደለም። የኢትዮጵያ ካርታዎች ለረጅም ጊዜ የተሠሩት አዲንዳን በሚባል ዳተም ነው። ጂፒኤስ የሚጠቀመው ሌላ ነው። ሁለቱ በእኛ አገር ላይ በ200 ሜትር ገደማ ይለያያሉ። የድሮውን ካርታ ይዞ በጂፒኤስ መንገድ ወይም ድልድይ የሚቀይስ መሐንዲስ ይህን ካላወቀ፣ ድልድዩ ወንዙን ሊስተው ነው። ባሕር ላይ ያለው ሰውም እንዲሁ ነው። ጂፒኤሱ በአምስት ሜትር ልክ ነው፤ ከሥሩ ያለው ካርታ ግን ደሴቲቱን ከመቶ ሜትሮች በላይ አዛውሮ አስቀምጧት ይሆናል። በእንዲህ ዓይነት ቦታ ጀልባችሁ ስክሪኑ ላይ ተራራ ላይ መልሕቅ ጥላ ልትታይ ትችላለች።

ለዚህ ነው ሰላማዊ ውቅያኖስን የሚዞሩ ሰዎች የባሕር ካርታውን ብቻ ሳይሆን የሳተላይት ፎቶም ወደ ሶፍትዌራቸው ጭነው ሁለቱን የሚያመሳክሩት። ፎቶው ጥልቀት አይነግርም፤ ቋጥኙ የት እንዳለ ግን ይመሰክራል። ስሎከም ሠንጠረዡን እንደመረመረው ማለት ነው።

የሰው ወርቅ አያደምቅም

አሁን ወደ ገንዘቡ እንምጣ። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል መንግሥት የሠራው ነገር የቅጂ መብት የለበትም። ስለዚህ የአገሪቱ የውቅያኖስና የከባቢ አየር አስተዳደር ኤሌክትሮኒክ ካርታዎቹን ለሕዝብ በነጻ ለቀቀ፤ ራስተሮቹንም በ2005። ኒውዚላንድም ካርታዋን በነጻ ትሰጣለች። ብሪታንያ ውስጥ ግን የመንግሥት ካርታ የቅጂ መብት አለበት፤ ይሸጣል።

ይህ ተራ የሕግ ልዩነት ይመስላል። ውጤቱ ግን ትልቅ ነው። ካርታው ነጻ በሆነበት አገር ነጻ ሶፍትዌር መሥራት ትርጉም አገኘ። በ2009 ገደማ ዴቪድ ሬጂስተር የጀመረው ኦፕንሲፒኤን ከዚህ ውስጥ የወጣ ነው። ኮዱ ክፍት ነው። የፈለገ ያየዋል፣ የቻለ ያርመዋል። በጎ ፈቃደኞች ያሳደጉት ይህ ፕሮግራም በዊንዶውስም፣ በሊኑክስም፣ በማክም፣ በአንድሮይድም ይሠራል። ራስበሪ ፓይ በምትባለው የመዳፍ ያህል ኮምፒውተር ላይ እንኳ ይጫናል፤ እርሷ ደግሞ የምትበላው ኤሌክትሪክ ትንሽ ነው። መብራቱን ሁሉ ከፀሐይና ከባትሪ ለሚያገኝ ጀልባ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

በሌላው ወገን ኩባንያዎች አሉ። ጋርሚን በ2017 ናቪዮኒክስን ገዛው። ስልክና ታብሌት ላይ የሚሠራው የናቪዮኒክስ አፕ ቀላል ነው፣ ካርታው ብዙ የዓለም ክፍል ይሸፍናል። ግን በየዓመቱ የሚከፈልበት ነው። ካርታውን ገዛችሁት አይባልም፤ ተከራያችሁት። ወረቀት ካርታ የገዛ ሰው ግን ለልጁ ያወርሰዋል።

ወረቀቱም እየሄደ ነው። አሜሪካኖቹ በ2019 የጀመሩትን ባህላዊ የወረቀትና የራስተር ካርታ የማስቀረት ሥራ በ2025 መጀመሪያ ጨርሰዋል። ቀሪው ቬክተር ነው። ወረቀት የሚፈልግ ሰው ከቬክተሩ ራሱ አዘጋጅቶ ማተም ይችላል። ብሪታንያ በ2022 ወረቀቱን በ2026 ላቆም ነው ብላ፣ ተቃውሞ ሲበዛ ቢያንስ እስከ 2030 አራዘመችው። ትልልቅ መርከቦች ከ2012 እስከ 2018 በተራ በተራ ኤሌክትሮኒክ ካርታ እንዲይዙ በዓለም አቀፍ ሕግ ተገደዋል፤ ለእነርሱ የተፈተነና የተመሰከረለት መሣሪያ፣ የግድ የሆነ ሥልጠናም አለ። ትንሿን ጀልባ ግን እንዲህ ያለ ሕግ አይመለከታትም። የፈለጋችሁትን ትጭናላችሁ። ፈታኙም፣ ተፈታኙም እናንተ ናችሁ።

ታዲያ የቱን እንጫን?

አንዱን ስም ጠርቼ “ይኼን ግዙ” ብል ጽሑፉ ማስታወቂያ ይሆናል። ታሪኩ የሚያቀብለን ስም ሳይሆን ጥያቄ ነው።

አንደኛ፣ ጂፒኤሱ ሲቋረጥ ይጮሃል ወይ? ሮያል ማጀስቲን አስቡ።

ሁለተኛ፣ አርቃችሁ ስታዩት የሚደብቀው ምንድን ነው? የምታውቁትን ቋጥኝ ምረጡና ዙሙን ቀስ በቀስ አርቁ። የሚጠፋበትን ቦታ ልብ በሉ። መስመራችሁን ካቀዳችሁ በኋላ ከመነሻ እስከ መድረሻ ጠጋ ብላችሁ ሙሉውን ተከተሉት። አሰልቺ ነው። የቬስታስ ሰዎች ያጡት ግን ይህን ነው።

ሦስተኛ፣ ልኬቱ መቼና እንዴት እንደተደረገ ያሳያል ወይ? ኦፊሴላዊ ቬክተር ካርታዎች የልኬቱን አስተማማኝነት የሚናገር ደረጃ አላቸው። ያን የሚያሳይ ፕሮግራም ከሚደብቀው ይሻላል።

አራተኛ፣ ካርታው ኢንተርኔት በሌለበት ይሠራል ወይ? ክፍያው ባሕር መካከል ቢያበቃስ?

አምስተኛ፣ ሌላ የሚያመሳክራችሁ አለ ወይ? ላፕቶፕ በጨው ውኃ ይሞታል፣ ታብሌት ፀሐይ ላይ ግሎ ራሱን ያጠፋል። ዋይፋይ ብቻ ያለው አይፓድ ደግሞ ጭራሽ የራሱ ጂፒኤስ የለውም፤ ይህን ባሕር ላይ ከማወቅ ሱቅ ውስጥ ማወቅ ይሻላል። በሁለት መሣሪያ ላይ ሁለት የተለያዩ ካርታዎችን መያዝ ቅንጦት አይደለም። ሁለቱ ሲለያዩ ነው ሰው ማሰብ የሚጀምረው።

እነዚህን ጥያቄዎች የሚያልፍ ነጻ ፕሮግራም፣ የማያልፍ ውድ ፕሮግራም ሊኖር ይችላል። የተገላቢጦሹም እንዲሁ። የአንድ ዶላሩ ሰዓት ስሎከምን ዓለም አዙሮ በሰኔ 1898 አሜሪካ አድርሶታል። ያደረሰው ግን ሰዓቱ ብቻ አይደለም፤ የማይሆን ቁጥር ሲያይ “ይኼ ሊሆን አይችልም” ያለው ጭንቅላቱ ነው።

ግንቦት 2025 ላይ ኤምኤስሲ አንቶኒያ የምትባል የኮንቴይነር መርከብ ቀይ ባሕር ውስጥ ጅዳ አጠገብ መሬት ላይ ወጣች። የባሕር ደኅንነት ተንታኞች ምክንያቱ የጂፒኤስ ምልክት መታወክ ነው ብለዋል። ጦርነት ባለበት አካባቢ የሰማይ ሰዓት ሆን ተብሎ ሊዋሽ ይችላል። የእኛ ስንዴ፣ ነዳጅና ማዳበሪያ በዚያው ባሕርና በባብ ኤል መንደብ ዙሪያ ነው የሚያልፈው። ከቢሾፍቱዋ ባቦጋያ ሠልጥነው የወጡ ወንድሞቻችንም በዓለም መርከቦች ላይ ይሠራሉ። እናም ባሕር የሌላት አገር ልጅ ምን አገባት ላለው አንባቢ መልሴ ይኸው ነው። ባሕሩ የለንም እንጂ ስክሪኑ አለን። ነጥቧን እያየን መንገድ እናቋርጣለን፣ ቤት እንፈልጋለን፣ መሬት እንለካለን።

አባቶቻችን “ያልጠረጠረ ተመነጠረ” ሲሉ ጂፒኤስ አልነበረም። ተረቱ ግን ሶፍትዌር ለሚመርጥ ሰውም በቂ መመሪያ ነው። የትኛውንም ጫኑ። ከዚያ ከስክሪኑ ቀና ብላችሁ ውኃውን እዩ።